የወረቀት ካባ ስፌት ላይ እየተቀደደ ስላስቸገረኝ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ከተጣሉ ጋዜጦች፣ ከእናቴ ነጠላ ጥለትና አባቴ ከግንባር ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ለዐውደ ርእይ የሚሆን ካባ እየሠራሁ ስለሆነ የባለሙያዎችን ምክር በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወረቀቱን በስታርች ሙጫ ከአቡጀዲ ጋር አጣብቄ ብሰፋውም፣ ክንድ በተነሣ ቁጥር ብብቱ ላይ የመርፌውን ቀዳዳ ተከትሎ እንደ ቴምብር ይተረተራል። ጃፓኖች ካሚኮ የሚሉትን የወረቀት ልብስ የሚሠሩት ኮዞ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ከተሠራ ረጅም ቃጫ ካለው ወረቀት ሲሆን፣ ኮንያኩ ከሚባል ተክል ሥር የሚዘጋጅ ሙጫ ቀብተው እያሹ ያለሰልሱታል፤ የጋዜጣ ወረቀት ግን ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራና ቃጫው አጭር ስለሆነ ይህን እሽታ አይችልም።

ከዚህ የባሰው የደብዳቤዎቹ ነገር ነው። በእስክሪብቶ የተጻፉት ሙጫውን ሲችሉ፣ በብዕር የተጻፉት ግን እርጥበት እንደነካቸው ሰማያዊው ቀለም ይፈሳል። ፎቶ ኮፒውን ተጠቀሚ የሚሉኝ አሉ፤ የአባቴ እጅ ያረፈበት ወረቀት ካልገባበት ግን ካባውን መሥራቱ ለእኔ ትርጉም የለውም።

አሁን ያሰብሁት ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚጠቀሙበትን፣ በካውያ ሙቀት የሚጣበቀውን ገበር ነው፤ ውኃ አይፈልግምና። ይህን በአሮጌ ወረቀት ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ሙቀቱ ወረቀቱን ያጠቁረው እንደሆነ፣ እንዲሁም ብብቱን በጨርቅ ብቻ መሥራት ይሻል እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።