በመዳብ ሳህን ላይ የጠብታ ጤዛ በአንድ ቀን ወደ ውሃ ሽፋን ይለወጣል፤ ምን እናድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እርዱን። እንፋሎት በሳህን ላይ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን፣ በጠብታ መልክ ከወረደ (የጠብታ ጤዛ) ሳህኑን እንደ ሽፋን ከሚያለብስ ውሃ ይልቅ ሙቀት በደንብ ይተላለፋል።

ሳህኑን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ በአሴቶንና በኢታኖል አጥበን፣ ኦክሳይዱን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንስተን፣ 1 ሚሊሞላር ኦክታዴካንታዮል (መዳብ ላይ ተጣብቆ ውሃ የሚገፋ ስስ ንብርብር የሚሠራ፣ ታዮል ከሚባሉት አንዱ የሆነ ውህድ) ባለው ኢታኖል ውስጥ አሳድረነዋል። ውሃ ሲያርፍበት የሚሠራው ማዕዘን 108 ዲግሪ ነው፤ ጥሩ ነው ማለት ይቻላል። ጀርባውን በቀዝቃዛ ውሃ እያበረድን የ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንፋሎት ስንለቅበት ጠብታዎቹ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርሱ ተንሸራተው ይወርዳሉ። በማግስቱ ግን ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ውሃው ይነጠፋል፣ ቦታው ይጠቁራል፣ የሙቀት ዝውውሩም ይወርዳል።

አየር ከእንፋሎቱ ጋር መቀላቀሉ ብቻውን የሙቀት ዝውውሩን ቢያዳክምም ጠብታን ወደ ውሃ ሽፋን አይለውጥም። ስለዚህ የምንጠረጥረው በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ታዮሉን ከመዳቡ እያላቀቀው እንደሆነ ነው። ውሃውን አስቀድሞ 30 ደቂቃ አፍልቶ አየሩን ማስወጣት ይበቃል?

ቴፍሎን ቀቡ እንዳትሉን ብቻ! 10 ማይክሮሜትር ቴፍሎን ብቻውን ዝውውሩን በካሬ ሜትር በኬልቪን 25,000 ዋት ገደማ ላይ ያግደዋል፤ የጠብታው ጥቅም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከ1 ማይክሮሜትር የሳሳ፣ እንፋሎት የሚችል ሽፋን የሞከረ አለ? ወይስ ከታዮሉ በፊት ወርቅ በስሱ መለበጥ ይሻላል?