ጓሳን «ባዶ ሜዳ» ላላችሁ

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ አንድ ሰው መንዝ ውስጥ ጓሳ በሚባለው ጥብቅ የሣር ተራራ ላይ ያለው ሎጅ አድሮ ሲመለስ «ያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ባሕር ዛፍ ቢተከልበት ምን ነበረበት?» ብሎ ጻፈ። ስንቱ «እውነት ነው» አለው! አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው። ጓሳ ነው ባዶ?

ችግኝ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። መንዝ ውስጥ እናቶቻችን ኩበት ነው የሚያነዱት። ዛፍ ቢኖር ኩበቱ ለማሳው ይተርፍ ነበር። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ማገዶውን ማን ነካብህ? «ባዶ» ያልከውን ነው የምጠይቅህ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ አድኖ ነው፣ አይጡም ያለው ሣሩ ውስጥ ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። አንድ ጠዋት ሎጁ አጠገብ አይቻለሁ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ዛፍ ሥር ምን ሊያድን ነው? ጭላዳ ዝንጀሮውስ? ገደል ውስጥ አድሮ ሲነጋ ወጥቶ ሣር በጣቱ እየነጨ የሚበላ እንስሳ እኮ ነው!

የይፋት ሰው፦ እኛ ታች ያለነውንም ስሙን። ጓሳ ውሃ ለሁለት የሚለያይበት ከፍታ ነው፤ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የረጋበት ጥቁር ድንጋይ ነው። በጉም ቀን ተራራው ስሙን ያገኘበትን የጓሳ ሣር አንድ እፍኝ ጨብጡ፣ እጃችሁ ውሃ በውሃ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ያን ውሃ ሲመጠው እኛ ምን እንጠጣ?

ችግኝ፦ ሎጁ ለእንግዳ ምድጃ እንጨት ሲያነድ ዝም ያላችሁ ሰዎች ለእናቴ ምድጃ ስል ተነሣችሁብኝ።

የጌራ ምድር እህት፦ ወንድሜ፣ እናትህን የነካ የለም። አያቴ ቤታቸውን የከደኑት በጓሳ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚለብሱት ገሳም የጓሳ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ጠባቂ አለቃ ተመርጦለት፣ ሲደርስ በበጋ ነበር የሚከፈተው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈርሶ ሁሉም እንደፈለገ አጨደው። ደግሞ እንዳይደገም ነው የምንጮኸው።

ችግኝ፦ ዛሬ ገሳ ማን ይለብሳል? ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ሥርዓቱም የአስቦና የጌራ፣ መሬቱን መጀመሪያ የያዙት አባቶች፣ ዘር ሥርዓት ነበር፤ ከዘሩ ያልሆነው የኔ አያት ሣር አጨድክ ተብሎ ነው የተቀጣው። «የአባቶቻችን» ስትሉ የማንን አባት ነው?

የጌራ ምድር እህት፦ እሱ እውነት ነው። በደል ነበር፣ አልክድህም። አሁን ግን የሚጠብቀው የአካባቢው ሕዝብ ነው፣ አንተም አለህበት።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ «ባዶ» ያለውን ይመልስልን አልኩ!

ችግኝ፦ እሺ፣ «ባዶ» ማለቴ ስህተት ነው፤ አንሥቻለሁ። የማገዶውን መልስ ግን አሁንም አልሰጣችሁኝም።

የይፋት ሰው፦ ባሕር ዛፉን በየጓሯችን እንትከለው፣ ጓሳን እንተወው።

ችግኝ፦ ጓሮ የሌለውስ?