ከፍ የተደረገ መኪና መሪው ሳይስተካከል ቦሎ ይሰጠው?

የማርቆሱ፦ ሰሞኑን ከሰፈራችን ጋራዥ ሦስት ላንድክሩዘር ከፍ ተደርገው ወጡ። የተቀየረው ሞላና ጎማ ብቻ ነው። መሪውን ማንም አልነካውም። እንዲህ ያለ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሞጣው፦ ወንድሜ፣ አንተ አስፋልት ላይ ነህ። ክረምት ላይ የቢቸናን ዋልካ መጥተህ እይ። የመኪናው ሆድ ጭቃ ላይ ከተቀመጠ አለቀ፤ በበሬ ነው የሚጎተተው። ወላድ የምናደርሰው በዚሁ መኪና ነው።

የማርቆሱ፦ ከፍ አይበል መቼ አልኩ? መሪው አብሮ ይስተካከል ነው ያልኩት።

የባህር ዳሩ፦ ወፍራም የመሪ ዘንግ አስገብቶ መገላገል ነዋ። የኔ ድንጋይ መትቶት ጎበጠ፣ በወፍራም ቀየርኩት፣ ሰላም ነኝ።

የዳንግላው መካኒክ፦ ተሳሳትክ። ወፍራም ዘንግ አይጎብጥም እንጂ ዝንባሌውን አያስተካክልም። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጣው 70 ሲሪስ ላንድክሩዘር ፊቱ በጥቅልል ሞላ ላይ ነው የተቀመጠው። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አንድ አግዳሚ ዘንግ አለ። እሱና ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ዝንባሌያቸው አንድ መሆን አለበት። መኪናው ከፍ ሲል ሁለቱም ይዘቀዝቃሉ። አንዱን አስተካክለህ ሌላውን ከተውክ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሪው ሳትነካው ይዞራል። በዚያ ላይ አክስሉ ወደ ኋላ ዘንበል ያለበት ልክ ስለሚቀየር መሪው ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል። ሹፌሩ «ተንሳፈፈብኝ» የሚለው ያኔ ነው።

የባህር ዳሩ፦ የሳጥኑን ክንድ ወደ ታች በወረደ ብቀይረውስ?

የዳንግላው መካኒክ፦ ዝንባሌውን ይቀንሳል፤ ግን የሳጥኑ ዘንግ ላይ ጫናው ይብሳል። ደግሞ አግዳሚውን ካልነካህ እዚያው ነህ። እኔ 5 ሳንቲ ሜትር ለተነሣ መኪና የሚስተካከል አግዳሚ ዘንግ አስገባለሁ፣ የአክስሉን ዘንበል በጎሚኒ (በላስቲክ ማቀፊያ) እመልሳለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁሉንም ለክቼ ነው። የሚያስፈራኝ ግን ብየዳ ነው። አንዱ የመሪ ዘንጉን አስቆርጦ፣ በብየዳ አስቀጥሎ፣ ጥቁር ቀለም አስቀብቶ መጣ። ያምራል! ቀለሙን ስፍቀው ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ሰውየው በዚያ መሪ ነው ከደጀን አባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰው።

የሞጣው፦ ኧረ በማርያም!

የማርቆሱ፦ ይኸው! ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መሪው እዚያ ቢለቅ ማን ይተርፋል? ፊት ለፊት የሚመጣው አውቶቡስስ ምን በደለ?

አሮጌው ሹፌር፦ ልጆቼ፣ እስቲ ምርመራውንም እንየው። እኔ ያየሁት መብራትና ፍሬን አይቶ ማሳለፍ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ አንዱ መሪውን ግራ ቀኝ ይወዝውዝ፤ ሌላው ከሥር ገብቶ የዘንጎቹን ጫፍ በእጁ ይዞ ያዳምጥ። የላላ ካለ እጅ ላይ ይሰማል።

የዳንግላው መካኒክ፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሞጣው፦ እሺ፣ ዕቃውን ማን ይግዛልን? ቦሎ ከተከለከለ ባለመኪናው ያለ ቦሎ በገጠሩ መንገድ ይነዳል እንጂ መኪናውን አያቆምም።

የማርቆሱ፦ ስለዚህ ዝም እንበል?

የሞጣው፦ አላልኩም። ለሌላው መኪና ማስተካከያ ጊዜ ይሰጠው፣ በብየዳ የተቀጠለው ግን እዚያው ይቁም። የኔንም መኪና ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ የመሪ ዘንጉ ጥቁር ቀለም አለው። ነገ ጠዋት እፍቀዋለሁ።