የጋራ ማከማቻችን ማሻሻያ፦ የረቂቁ አንቀጽ 3

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ውድ አባላት፣ በአንቀጽ 3 «ሰርቨሮቻችን ትዕዛዝን በቀጥታ ለዲስክ ያስተላልፉ» የሚል ሐሳብ አስገብቻለሁ። አሁን ሁሉም በኤልአይኦ (ዲስክን በኔትወርክ ለሌሎች ማሽኖች በሚያጋራው የሊኑክስ ክፍል) ሥር በፋይልአይኦ፣ ማለትም ፋይልን እንደ ዲስክ በሚያቀርበው ስልት ነው የሚሠሩት፤ የመጣው የስካዚ ትዕዛዝ (ማሽኖች ዲስክን የሚያዙበት ቋንቋ) ተፈትቶ ወደ ፋይል ንባብና ጽሕፈት ይለወጣል፣ በሊኑክስ ካሽ (ዳታ በማህደረ ትውስታ ለጊዜው በሚቆይበት ቦታ) በኩልም ዞሮ ነው ዲስኩ ዘንድ የሚደርሰው። ትዕዛዙን እንዳለ ለዲስኩ የሚያስተላልፈው ፒስካዚ ይህን ዙሪያ ጥምጥም ያስቀርልናል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
ከመደገፌ በፊት ትንሽ እናስላ። ዲስኮቻችን በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ ከጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ ብቻ በአማካይ ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ እንጠብቃለን። የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የፋይልና የካሽ ደረጃዎች በማለፍ የምናተርፈው ግን ማይክሮሰከንዶችን ነው። ባለጉዳይ ግማሽ ቀን ለሚጉላላበት ቢሮ አቋራጭ መንገድ እንደ መጥረግ ነው። ደግሞም በቀጥታ የሚሄድ ትዕዛዝ ከርነሉ ተጎራባች ጥያቄዎችን የሚያጣምርበትንና ወረፋ የሚያስይዝበትን ቦታ ዘልሎ ያልፋል፤ ለሚሽከረከር ዲስክ ይህ ኪሳራ ነው።

የሰርቨር ክፍል ኃላፊ፦
እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ ካሹ ያሳስበኛል። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ሲከዳን፣ ፋይልአይኦ «ተጽፏል» ያለው ዳታ ገና ማህደረ ትውስታ ላይ ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ለፍጥነት ብለን ዳታውን አስገድዶ ወደ ዲስክ የሚያወርደውን ትዕዛዝ በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ አጥፍተነው ነበር። የሒሳብ ዳታቤዙን ከመጠባበቂያ ስመልስ ነጋ። ስለዚህ ካሹ ይቅር፤ ለዚያ ግን ካሹን ዘልሎ ወደ ብሎክ ዲስክ የሚጽፈው የኤልአይኦ ስልት፣ አይብሎክ፣ ይበቃል። ፒስካዚ ሌላ ጣጣ አለው፦ ዲስኩ የሚያየው ሰርቨሩን ብቻ ስለሆነ ሁለት የክላስተር ማሽኖች (አንድ ዲስክ ተጋርተው አብረው የሚሠሩ) ቢመጡበት እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጥራቸዋል። አንዱ የያዘውን ሌላው እንዳይነካ ማን ይከለክላል? በአይብሎክ ግን ይህን ኤልአይኦ ራሱ ይቆጣጠራል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
እህቴ፣ ክላስተሩን ጨርሶ ዘንግቼው ነበር። አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «የዲስክ ማከማቻዎች ከፋይልአይኦ ወደ አይብሎክ ይዛወሩ። ፒስካዚ ለቴፕ መቅጃው ብቻ ይዋል። የኤንቪኤምኢ (የማይሽከረከሩ ፈጣን) ዲስኮች ሲገዙ ከሊኑክስ 5.9 ጀምሮ ያለው ቀጥታ ማስተላለፊያ በአንድ ሰርቨር ላይ ይሞከር።»

የሰርቨር ክፍል ኃላፊ፦
አይብሎክ ፋይል ሳይሆን ብሎክ ዲስክ (ያለ ፋይል ሥርዓት በቀጥታ የሚጻፍበት) ነው የሚፈልገው። ነባሮቹ ፋይሎች ወደ ኤልቪኤም (ዲስክን በብሎክ ዲስክነት ወደሚከፋፍለው የሊኑክስ መሣሪያ) ይገለበጡ፤ ለመገልበጫ የሚሆን ባዶ ቦታም በጀቱ ውስጥ ይግባ።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፦
በዚህ መልኩ እደግፋለሁ። ከለውጡ በፊትና በኋላ በ4 ኪሎባይት የዘፈቀደ ጽሕፈት ይለካ የሚለውም ይጨመር። የመጀመሪያውን ልኬት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮዎች ሲዘጉ እኔ እወስዳለሁ።