ጌይሻዎች በትክክል ሥራቸው ምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ ስለ ጃፓን ሲወራ ብዙ ሰው ጌይሻ ሲባል ሴተኛ አዳሪ ነው የሚመስለው፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

መልስ፦ አይደሉም። ሥራቸው ዳንስ፣ ዘፈን፣ ሻሚሰን የሚባለውን ባለ 3 ክር መሣሪያ መጫወትና እንግዳ ማጫወት ነው። ኪዮቶ ውስጥ ማይኮ (ተለማማጅ ጌይሻ) ሆና የምትጀምር ልጅ 5 ዓመት ገደማ ትሰለጥናለች፣ ከዛ በኋላም ትምህርቱ አይቆምም፣ ይሄን ሁሉ ልፋት ሰው ዝም ብሎ ሲያጣጥለው ያናድደኛል

መልስ፦ ግራ መጋባቱ የመጣው ድሮ በየመዝናኛ ሰፈሩ ከኦይራኖች ጋር ባንድ አካባቢ ይሰሩ ስለነበር ነው፣ ገላዋን የምትሸጠው ኦይራን ነበረች፣ አለባበሳቸው ራሱ ይለያል፣ ኦይራን መቀነቷን ከፊት ነው የምታስረው ጌይሻ ግን ከኋላ። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደሞ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር የሚሄዱ ሴቶች ጌይሻ ነን እያሉ ስማቸውን አበላሹት። ጌይሻዎችን በገንዘብ የሚደግፉ ዳና የሚባሉ ሀብታሞች ግን ነበሩ፣ እሱን መካድ አይቻልም

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ጌይሻዎች ወንዶች እንደነበሩስ ታውቃላችሁ? ሴቶቹ የመጡት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ደሞ ኪዮቶ ውስጥ ጊዮን በሚባለው የጌይሻዎች ሰፈር ነጭ ተቀብታ ያያችኋት ሁሉ ጌይሻ አይደለችም፣ ኪሞኖ ተከራይተው ፎቶ የሚነሱ ቱሪስቶች ሞልተዋል። እውነተኛዋ ወደ ሥራ እየተጣደፈች ስለሆነ በናታችሁ ለፎቶ አታስቁሟት