ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር እየወጣ ነው፣ ውሻዬም አይታይም፤ ዛሬ ማታ ድረሱልኝ

የጃክ እህት (ሐዋሳ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ነገ ከሰዓት አዲስ አበባ ይገባል። ጃክን ከቡችላነቱ ያሳደገው እሱ ነው። ስቱዲዮ የተነሳ የሚመስል ፎቶ ጠዋት አሳትሜ ላስይዘው አስቤ ነበር። ሳሎን ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ሁለት አምፖል አቁሜያለሁ። ግን ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል። ጃክም ጥቁር ስለሆነ ፊቱ አይለይም፤ ድፍን ያለ ከሰል ነው። ምን ላድርግ?

ታቦር ሰፈር፦ ፍላሹን አብሪው፣ አለቀ።

ጋሽ ፎቶ፦ ልጄ፣ ስቱዲዮ ማለት የመብራት ብዛት አይደለም። አንድ ሰፊ ብርሃን ይበቃል። ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን አድርገሽ፣ ከዓይኑ ከፍ አድርጊው። በስስ ነጭ ጨርቅ ጋርጂው፤ ጨርቁ ግን አምፖሉን እንዳይነካ። ጥቁር ጸጉር ፊት ለፊት ሲበራበት ይደፈናል፣ ከጎን ሲበራበት ያብረቀርቃል። ከአንሶላው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቂው፤ ጥላውም የአንሶላው ጭምድድም አይታይም። አንቺም በደረትሽ ተኚና በዓይኑ ልክ አንሺው።

የጃክ እህት፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። መስመሩስ?

አሞራ ገደል፦ ሐዋሳ ተቀምጦ አንሶላ መስቀል ለምን አስፈለገ? 11 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ብትወስጂው ከዚያ የተሻለ ብርሃን የት ይገኛል?

የጃክ እህት፦ አባ ኮዳን፣ ያንን ትልቅ ወፍ፣ ካየ ጃክን ማን ይይዘዋል? ደግሞ አሁን መሽቷል።

አሞራ ገደል፦ ታዲያ አባ ኮዳውም አብሮ ይነሳ ሃሃሃ

ሻሸመኔ፦ ፍላሽ ሞክሪ።

ባለ ሁለት ውሻ፦ ኧረ ፍላሽ ይቅር! የውሻ ዓይን ከበስተኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ፍላሹ ከካሜራው ጋር ከተያያዘ አረንጓዴ ዓይን ነው የምታሳትሚው። ሌላው ደግሞ፣ አፉን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋ ወይም ፊቱን ካዞረ ተጨንቋል ማለት ነው፤ አሳርፊው። የተቀቀለ ጉበት ከካሜራው አጠገብ ያዢለት። ሽንኩርት ግን እንዳይነካው፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ኤሌክትሪኩ፦ እህቴ፣ አምፖሎቹ ኤልኢዲ ናቸው? ሹተርሽስ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ስንት ላይ ነው? እሱን ሳትነግሪን ሁሉም የመሰለውን እያወራ ነው።

የጃክ እህት፦ አዎ ኤልኢዲ ናቸው። ካሜራው የጎረቤት ነው። 1/800 ይላል። ጃክ ስለሚንቀሳቀስ ነው ከፍ ያደረግኩት።

ኤሌክትሪኩ፦ እሱ ነው ነገሩ። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በዓይን አይታይም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። 1/100 ላይ አድርጊው፤ ካልጠፋ 1/50። ከ1/800 ወደ 1/100 ስትወርጂ ስምንት እጥፍ ብርሃን ይገባል፣ የጃክ ፊትም በዚያው ይወጣል። ብቻ ዝም ባለበት ቅጽበት ጠብቀሽ አንሺ። በአውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ነጩ አንሶላ ካሜራውን ያታልለዋል፤ በጣም በርቷል ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ግራጫ ብርድ ልብስ ካለሽ ቀይሪው።

ጋሽ ፎቶ፦ ትክክል ነው። እኔ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መስኮት ዳር ብታነሺው እመርጣለሁ። የመስኮት ብርሃን መስመር የለውም።

የጃክ እህት፦ 1/100 አድርጌ ልሞክር። ወዲያው እመለሳለሁ።

ታቦር ሰፈር፦ መብራት በእኛ በኩል ሄደ። እናንተ ጋ አለ?

ባለ ሁለት ውሻ፦ የጃክ እህት፣ ምን ሆነልሽ?

አዳማ ቦሌ፦ እኔም ድመቴን በስልክ ሳነሳ ይሄው መስመር ያስቸግረኛል። ስልክ ላይ ሹተሩ የት ነው ያለው?

ኤሌክትሪኩ፦ ካሜራውን ክፈትና «ፕሮ» የሚለውን ፈልግ። እንደ 1/100 የተጻፈው ቁጥር እሱ ነው። ፕሮ ከሌለው አምፖሉን አጥፋና መስኮት ዳር አንሳት።