ስቶክሆልም፦ ቤቴ ቦይለር የለውም፣ ሙቅ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

የፋርስታው
ሰላም ወገኖች። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ነው፣ ፋርስታ አፓርታማ ተከራይተን ነው ያለነው። አገር ቤት ሻወር ቤቱ ውስጥ ቦይለር አለ፣ አብርተህ ትጠብቃለህ፣ አንዱ ረዘም አድርጎ ከታጠበ ቀጣዩ በቀዝቃዛ ነው። እዚህ ግን ቤተሰቡ ሁሉ በተከታታይ ታጥቦም አይቀዘቅዝም። ጎረቤቴ ከቆሻሻ ማቃጠያ ነው የሚመጣው አለኝ። እውነት ነው? ውሃው ንጹህ ነው? ልጆች ስላሉኝ ነው። ደግሞ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ለብ ከማለት አያልፍም።

ቧንቧ_ሠራተኛ
አትስጋ ወንድሜ። የማሞቂያ ጣቢያው ውሃ ቤትህ አይገባም፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚገባው። ሥራዬ ስለሆነ ላስረዳህ። ከጣቢያው የሚነሳው ቧንቧ ከመንገድ ሥር ተቀብሮ እስከ ሕንፃችሁ ምድር ቤት ይመጣል። ውስጡ ያለው ውሃ እንደ አየሩ ከ70 እስከ 120 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ግፊት ስላለበት አይፈላም። ምድር ቤት ውስጥ ስስ የብረት ሳህኖች የተደረደሩበት ሙቀት መለዋወጫ አለ፤ በሳህኑ በአንድ በኩል የጣቢያው ውሃ፣ በሌላው በኩል ከመጠጥ ውሃ መስመር የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ያልፋል፣ ሳይነካኩ ሙቀት ይቀባበላሉ፣ የጣቢያው ውሃ በርዶ ይመለስና እዚያ እንደገና ይሞቃል። አንተ የምትታጠበው ቧንቧውን ስትከፍት እዚያው የሚሞቀውን ነው። በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ ስላልሆነ አያልቅም። ለራዲያተሩ ሌላ መለዋወጫ አለ፣ በሙቀቱ ወራት ራዲያተሩ ቀዝቅዞ ሻወሩ የሚሞቀው ለዚያ ነው።

የሶልናዋ
ጎረቤትህ ልክ ነው፣ ግን ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ከከተማው ጣቢያዎች ሆግዳለን ላይ ቆሻሻ ይቃጠላል። ቫርታን ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ጣቢያ የእንጨት ፍርፋሪና የደን ተረፈ ምርት አቃጥሎ ኤሌክትሪክም ሙቀትም ያወጣል። ሐማርቢ ደግሞ ከተጣራ የፍሳሽ ውሃ ላይ ሙቀት ይወስዳሉ፣ ይሄ ሁሌ ይደንቀኛል። የድንጋይ ከሰሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ቀርቷል። እኔን የሚቆጨኝ የእኛው ረጲ ነው፤ ቆሼ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው ጣቢያ የተሠራው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው፣ ሙቀቱን ወደ ቤት የሚወስድ መስመር የለውም።

ቧንቧ_ሠራተኛ
ቁጭትሽ ይገባኛል እህቴ፣ ግን አዲስ አበባ ላይ አያዋጣም። እዚህ ያን ሁሉ መንገድ ቆፍሮ ቧንቧ መቅበር ወጪውን የሚመልሰው በብርዱ ወራት ቤቱን ሁሉ ስለሚያሞቅ ነው፣ የሻወሩ ውሃ በዚያው ላይ የተጨመረ ነው። ቤት ማሞቅ በማያስፈልግበት ከተማ ለሻወር ብቻ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ማሞቂያ ይሻላል።

እናት_ሺስታ
የወጥ ቤቱን ነገር እንዳትተወው! በስዊድን ደንብ ከቧንቧ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ከ50 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም፣ ከ60ም እንዳያልፍ፣ እንዳያቃጥል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ እንፋሎቱ ወይም ርጭቱ በትንፋሽ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ጥቂት ደቂቃ ካፈሰስክ በኋላ በቴርሞሜትር ለካ፣ ካነሰ ለአከራይህ በጽሑፍ አሳውቅ። ለመጠጥና ለምግብ ግን ሁሌ ቀዝቃዛውን ቅዳና ምድጃ ላይ አሙቀው፣ ሙቁ ከቧንቧው ብረት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በተለይ ለሕፃን ወተት።

የፋርስታው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለካሁት፣ ሻወሩ 54 ነው፣ ወጥ ቤቱ 43። ለአከራዩ አሁን ጻፍኩላቸው።

ቧንቧ_ሠራተኛ
ሻወሩ 54 ከሆነ ምድር ቤት ያለው መለዋወጫ ደህና ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ራሱ ውስጥ ቀዝቃዛው እየተቀላቀለ ይሆናል፣ መጀመሪያ እሱን እንዲያዩልህ ንገራቸው።